ከሜዳ ውጪ የተቆጠረ ጎል

ቅዳሜ፣ ሰኔ 15 ቀን 1977

ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ዝናቡ ተከፈተ። እማዬ ደግሞ የግቢውን በር ዘጋችው። «እስከ መስከረም ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ» አለችኝ። የሚያፍሱት ወንድ እንጂ ሴት አይደለም ብላት፣ «እግርሽን ማን ፈራው፤ የምፈራው አፍሽን ነው» አለች። እማዬ እንዲህ ናት። እሷ ስትስቅ አይቼ አላውቅም፣ ሰው ግን ታስቃለች።

አፌ ከታሰረ እጄ ይጻፍ ብዬ የሒሳብ ደብተሬን ገልብጬ ከኋላ ጀመርኩ።

ነገሩ ይኸውላችሁ። (ለማን ነው «ላችሁ» የምለው? ይሁን።) ሐሙስ ዕለት ቀበሌያችን ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄዱትን ልጆች ስም በድምፅ ማጉያ ጠራ። የወንድሜ የረሻድ ስም አለበት። ረሻድ ዐሥራ ስምንት ሞልቶታል፤ ማትሪክም ወድቋል። ያመጣው አንድ ነጥብ ሁለት ነው። «ይሄ ነጥብ ነው ወይስ የተሸነፋችሁበት የኳስ ውጤት?» ብዬው በካልቾ ብሎኛል።

በካልቾ ሲል ግን በግራ እግሩ ነው። ያቺን ግራ እግር የሚያቆማት ተከላካይ ከኮልፌ እስከ ቀራንዮ የለም። ለዚህ ነው የወጣቶች ብሔራዊ ቡድን የወሰደው። ስሙ በተጠራ ማግስት ከፌዴሬሽኑ ለቀበሌው ደብዳቤ መጣ፦ ልጁ ለአፍሪካ ወጣቶች ዋንጫ ስለሚፈለግ ማጣሪያው እስኪጠናቀቅ ይቆይልን። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ጓድ አሰፋ አገላብጦ አየው። ማኅተሙን በጣቱ ዳበሰው። «እስከዚያ ይቆይ» አለ።

ስለዚህ ቡድኑ ካለፈ ሌላ ዙር አለ፣ ረሻድ ይቆያል። ከወደቀ መኪናው ላይ ይወጣል። መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ማንም አይናገርም። ባለፈው ዙር ከመንደራችን ከሄዱት አንዱ በክራንች ተመልሷል። የሌሎቹ እናቶች ፖስታ ቤት ይመላለሳሉ።

አባዬ ኳስ የሚባል ነገር ጠልቶ የኖረ ሰው፣ ዛሬ ከሱቅ ሲገባ «እነዚህ ልጆች አጥቂያቸው ደህና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ሰኞ፣ ሰኔ 17

የምንገጥመው ማንን እንደሆነ ስሙን አልጽፍም። ጓድ አሰፋ በስብሰባ ላይ «ባላጋራ አትበሉ፤ ወንድም ሕዝብ ነው» ስላለ እኔም ወንድም አገር እላቸዋለሁ። በመጀመሪያ ወንድም አገር እዚህ መጥቶ ይጫወታል። ከዚያ እኛ እነሱ አገር ሄደን እንጫወታለን። የሁለቱ ጨዋታ ጎል ይደመርና የበለጠው ያልፋል። እዚህ ድረስ የኮልፌ ሽማግሌዎችም ይገባቸዋል።

ድምሩ እኩል ሲመጣ ነው የሚንሸራተቱት።

ለእኔ የነገረኝ መገርሳ ነው። መገርሳ የረሻድ ጓደኛ ነው፤ አየር ጤና አጎቱ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ ለመንደሩ ቡድን በረኛ ነው። እጁ አካፋ ያህላል። ጆሮው ከሱ ቀድሞ ግቢ ይገባል። ጋራዡ ውስጥ የውጭ አገር ሬዲዮ ይሰማና የኳስ ሕግ ሁሉ ያውቃል፣ ማን እንደጠየቀው እንጃ። ዛሬ መጥቶ «ረሻድ አለ?» አለ። ረሻድ ካምፕ ከገባ ሳምንቱ ነው፤ እሱ ራሱ ነው ሻንጣውን የተሸከመለት። «የለም» አልኩት። «እሺ» ብሎ ተቀመጠ።

ድንች እየላጥኩ ነበር። ሁለት ድንች ከፊቱ፣ ሁለት ድንች ከፊቴ አደረገና «በድምር እኩል ስትሆኑ» አለ፣ «ከሜዳው ውጪ ብዙ ያገባው ነው የሚያልፈው። ሰው አገር ገብተሽ ያገባሽው ይከብዳል።»

ይሄኔ አጥሩ ሳለ። ጋሽ ይገዙ ናቸው። ጎረቤታችን ጋሽ ይገዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራሉ፤ የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ የቀበሌ ፍርድ ሸንጎ አባል ናቸው፤ ፂማቸውም ለብቻው የሆነ ማዕረግ አለው። ሰላም ሲሉ እንኳ ውሳኔ የሚያነቡ ነው የሚመስሉት።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?» አሉ በአጥሩ ቀዳዳ።

«ሕጉ ነው ጋሽ ይገዙ» አልኳቸው።

«የት አገር ነው አንዱን ጎል ከአንዱ የሚያበልጥ ሕግ? እኔ እዚህ ሸንጎ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጫለሁ። በግ የሰረቀ በግ ነው የሚከፍል። እንግዳ ሆኖ ስለሰረቀ ሁለት በግ ይባላል?»

«እኩል ከሆኑ ብቻ ነው እኮ—»

«እኩል ከሆኑማ እኩል ናቸው! እኩል ለሆነ ነገር ዕጣ አለለት። ሽማግሌ ባለበት ዕጣ ይወጣል፣ አለቀ። አንቺ ልጅ ድንችሽን ላጪ።»

መገርሳ ፊቱን ወደ ድንቹ ቅርጫት አዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ከዚያ አንድ ድንች ልጦ ሰጠኝ። ግማሹ ድንች ከልጣጩ ጋር ሄዷል። እንዲህ ዓይነት ባል ያገኘች ሴት በረሃብ ትሞታለች። ማንንም ማለቴ አይደለም፣ ዝም ብዬ ነው።

እሑድ፣ ሰኔ 23

ጋሽ ይገዙ ሬዲዮናቸውን መስኮት ላይ አወጡ። ዳንቴሏ እንዳትበሰብስ ላስቲክ አለበሷት። ግቢው ሙሉ ሰው።

ገባ! ረሻድ አይደለም፣ ግን ኳሷን ያቀበለው ረሻድ ነው። እማዬ ሁለቱንም እጇን አፏ ላይ።

ሁለተኛው! ይሄኛው የረሻድ ነው! ስሙን ሲጠራ ሰውዬው «ረሻድ አህመድ ከኮልፌ» አለ። ጋሽ ይገዙ «ከእኛ አጥር ሥር!» ብለው ጮሁ። እሳቸው አይደሉ እንዴ ኳሱን ጣሪያዬ ላይ ጣልክ ብለው በሸንጎ የከሰሱት?

ሊያልቅ ሲል እነሱ አንድ አገቡ። በማይረባ ኳስ። ተከላካያችን ተንሸራተተ አሉ።

ሁለት ለአንድ አለቀ። እልልታ። ጋሽ ይገዙ ለሰው ሁሉ «አንድ ቢያገቡስ፣ እኛ ሁለት!» ይላሉ። መገርሳ ግን ከሰው መሀል እኔን ፈልጎ አየኝ። አንድ ጣቱን አነሳ። አንዲቷ ጎል። የሰው አገር ጎል። እዚያ ሄደን አንድ ለባዶ ብንሸነፍ ሁለት ለሁለት ይሆናል። እኩል ነው፣ እኛ ግን እንወድቃለን።



ሐሙስ፣ ሰኔ 27

አዲስ ጣጣ። ወደ ወንድም አገር የሚሄድ ተጫዋች ሁሉ ዋስ ይጥራ ተባለ። ሰው አገር የሄዱ ስፖርተኞች እየቀሩ አስቸግረዋል። ልጁ ካልተመለሰ ዋሱ ይታሰራል። ዋሱ ደግሞ የመንግሥት ደመወዝተኛ መሆን አለበት። አባዬ ኮልፌ ገበያ ቁልፍና ክር ሻጭ ነው፤ የነጋዴ ቃል አይታመንም።

አባዬ ጃንጥላውን ይዞ ዘመድ ቤት ዞረ። ማታ ማታ እየመጣ የተባለውን ይነግረናል፤ እኔ ደግሞ እዚህ አስቀምጠዋለሁ፣ ሳቅ ሲቸግረኝ አነበዋለሁ። የእማዬ አጎት ልጅ «ደም ብዛት አለብኝ፣ ሐኪም ዋስ አትሁን ብሎኛል» አለ። የትኛው ሐኪም ነው እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚያዝ? አስተማሪ የሆነው ዘመዳችን «እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ፊርማዬ አይመሳሰልልኝም» አለ። በዚያው እጁ እኮ ነው እኔን በዱላ የሚያስተካክለኝ! ሦስተኛው ቤቱ እያለ ልጁን ወደ በር ላከ፤ እሷም «አባባ የለም በይ አለኝ» አለች። አባዬ እዚህ ላይ ሲደርስ ሳቀ። ስቆ ሲጨርስ ፊቱን በጋቢው ጠረገ።

ከካምፕ ፈቃድ ሰጥተውት ረሻድ ለአንድ ቀን መጥቷል። «ይቅር አባዬ» አለ። «ካልሄድኩም አልሄድኩም።» ካልሄደ ከቡድን ይሰረዛል። ከተሰረዘ ቀበሌው በር ላይ ነው። ለዚህች ጥንቸል ሁሉም ጉድጓድ አዳኝ ቆሞበታል።

ዓርብ፣ ሰኔ 28

ማን ፈረመ በሉኝ። ጋሽ ይገዙ!

አባዬ አልጠየቃቸውም። አጥሩ ሰምቶ ነግሯቸዋል። ጠዋት ከረባታቸውን አሥረው መጡ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አህመድ፣ ጎረቤት እያለህ ጃንጥላ ይዘህ ዘመድ ቤት ትዞራለህ?»

«አይ ጋሽ ይገዙ፣ ነገሩ ከባድ ስለሆነ—»

«ነገሩን የሚመዝነው ሸንጎ ነው፣ አንተ አይደለህም።» ከዚያ ወደ ረሻድ ዞሩ። «ልጅ ረሻድ! እኔ በመድኃኔዓለም ምዬ ነው የምፈርመው። አንተ በያዝከው ማል።»

እማዬ ምጣድ የተጣደባት ይመስል ወደ ጓዳ ሮጠች። ጓዳ ግን እሳት አልነበረም።

ረሻድ መሬት መሬት እያየ «ወላሂ ጋሽ ይገዙ፣ አላሳፍርዎትም» አለ።

«እንዲያ ነው!» አሉ እሳቸው፤ በደስታ ፂማቸው ተነሣ። «ጎሉንም አደራ። እዚያም ሁለት!»

እመለሳለሁ አላለም። እኔ ነገር ስለምሰነጥቅ ነው እንጂ ያው ነው። አላሳፍርዎትም ማለት እመለሳለሁ ማለት ነው። ነው።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 2

እማዬ የረሻድን ቱታ ወገብ ስትሰፋ አገኘኋት። «ላስቲኩ ላልቶበት» አለች። ቱታው አዲስ ነው፤ ብሔራዊ ቡድን ነው የሰጠው። እማዬ የወርቅ ጉትቻዋን ዛሬ አላደረገችም። ጆሮዋ ባዶ ሲሆን የማላውቃት ሴትዮ ትመስላለች።

«ጉትቻሽስ?»

«አሳከከኝ።»

እኔ ምንም አላየሁም። ላስቲክ ላስቲክ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 4

ሄደ። እማዬ አንገቱን ይዛ አልለቅ አለች። ሌላ ጊዜ ጨዋታ ሲሄድ «እግርህን ጠብቅ» ነበር የምትለው፤ ዛሬ «ፊትህን ልየው» አለች። ጋሽ ይገዙ «ኧረ ሃጂራ፣ ልጁ በሳምንቱ ይመለሳል!» እያሉ ያጽናናሉ። መገርሳ ሻንጣ ይዞ እስከ ፌርማታው ሸኘው። ከዚያ ተመልሶ በራችን ላይ ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«አይ፣ ዝናብ እስኪያባራ።»

ዝናብ አልነበረም።

አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ነገሩ እንዲህ ነው። ካለፉ ረሻድ ይመለሳል፤ ምን አለበት፣ ሌላ ዙር ይጠብቀዋል፣ ማንም አይነካውም፣ ጋሽ ይገዙም ከነፂማቸው ይኖራሉ። ከወደቁ ግን ለምን ይመለሳል? መኪናው ላይ ለመውጣት? ካልተመለሰ ደግሞ ጋሽ ይገዙ ገቡ። ለጋሽ ይገዙ መታሰር እንደዚህ እጨነቃለሁ ብሎ ማን ያስብ ነበር። ባለፈው ክረምት እኮ በአጥራቸው የዱባ ሐረግ ስላለፈ የእኛን ዱባ በሸንጎ ግማሽ ወስደዋል!

ያ ረቢ፣ ይለፉ። አንድ ለአንድም ይበቃናል። ባዶ ለባዶም ይበቃናል። ብቻ አንድ ለባዶ አይሁን።

እሑድ፣ ሐምሌ 7

አንድ ለባዶ ሆነ።

የጻፍኩትን እንዳነበቡት ነው እኮ።

ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል፤ መሥመሩ ከባሕር ሥር የሚመጣ ይመስላል። ረሻድ ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ አንዷ ብረት መለሳት። ከዚያ እነሱ አገቡ። ሰውዬው «በድምር ሁለት ለሁለት...» አለ፣ ከዚያ ፍሽሽሽ። መሥመሩ ተቆረጠ። ከዚያ ስለ እርሻ ዘመቻ መዝሙር ገባ።

ሰው ሁሉ ጋሽ ይገዙን አየ። ጋሽ ይገዙ ተነሡ።

«ተሸነፍን? አልተሸነፍንም! ሁለት ለሁለት! ዕጣ ነው! የእኛ ዕጣ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ማርያም ናት የምታወጣው!» እልልታ ቀለጠ። አንዱ ከበሮ አመጣ። አባዬም እየሳቀ ወደኔ ዞረ፣ «አይደል አልፊያ? ዕጣ ነው አይደል?»

እኔ ሽማግሌ ሳርም የምውለው፣ የታሪክ አስተማሪዬን ቀን ያረምኩት፣ ዛሬ «እንጃ አባዬ» አልኩ። እማዬ አየችኝ። እማዬ ኳስ አታውቅም፣ እኔን ግን ታውቀኛለች። ምንም እንዳላየች ሆና ወደ ቤት ገባች።

ጋሽ ይገዙ እየጨፈሩ ነው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን እየጨፈሩ ነው። ልነግራቸው ይገባ ነበር። ነግሬያቸውስ ምን ያደርጋሉ? የፈረሙትን ይውጡት?

የማታ ዜና ስለ ጨዋታው ትንፍሽ አላለም። መቼም ስንሸነፍ ዜና የለም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 10

ተመለሰ።

ተመለሰ! በራሱ እግር። ስድስት ሰዓት ላይ በር ተንኳኳ፣ እኔ ነኝ የከፈትኩት፤ ቱታውን ለብሶ ቆሟል። ጠቁሯል። «ምን ታፈጥጫለሽ?» አለኝ።

እማዬ ከኋላዬ መጣች። ጎረቤት ሁሉ ከየአጥሩ ብቅ ብቅ አለ። እማዬ ጎረቤቱ እንዲሰማ እልልልል አለች። እያለች በአንድ እጇ ክንዱን ቆንጥጣ ቆንጥጣ፣ በትንፋሿ «ምን ልትሠራ መጣህ? ምን ልትሠራ መጣህ?» እልልልል! «አንተ ከይሲ፣ ምን አጣህ?» እልልልል! ረሻድ እየተቆነጠጠ ለሰው ፈገግ ይላል። ከጎረቤት አንዲቱ «ደስታ እንዲህ ያደርጋል» አለች።

ጋሽ ይገዙ ከሥራ ሲመጡ አቅፈው ከመሬት አነሱት። «አላልኩም? ደም ብዛቴን አንድም ቀን አልጨመረብኝም!» አሉ።

በኋላ ብቻችንን ስንሆን ሁለት ልጆች እዚያ መቅረታቸውን ነገረኝ። ሆቴሉ ከኋላ በር ነበረው አለ።

«አንተስ ለምን?» አልኩት።

«በሩ ጋ ደርሼ ነበር» አለ። «ጋሽ ይገዙ እስር ቤት ገብተው ዘበኞቹን በንግግር ሲጨርሷቸው ታየኝ። ዘበኞቹ አሳዘኑኝ።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከቱታው ወገብ ስፌት የእማዬን ጉትቻ ፈትቶ ሰጠኝ፤ «አንቺ መልሽላት» አለ።

«ፌዴሬሽኑስ ምን አላችሁ?»

«ወደየቤታችሁ ሂዱ፣ ስንፈልጋችሁ እንጠራችኋለን።»

እሑድ፣ ሐምሌ 14

ቀስ ብዬ ልጻፍ። 

ዛሬ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ነበር። መኪናው ማክሰኞ ይመጣል። ጓድ አሰፋ የሚሄዱትን ስም ጠራ፤ ረሻድ ጋ ሲደርስ «ቡድኑ ተመልሷል፣ ስለዚህ...» ሲል ጋሽ ይገዙ ተነሡ። ከረባታቸውን አሥረዋል።

«ጓድ ሊቀ መንበር! የፌዴሬሽኑ ደብዳቤ ምን ይላል? ማጣሪያው እስኪጠናቀቅ ይላል። ተጠናቋል ወይ? አልተጠናቀቀም! ሁለት ለሁለት ነው። ዕጣ ይቀራል። ዕጣ ሳይወጣ ልጁን ብንሰድና ዕጣው ቢወጣልን፣ የአገሪቱን ግራ እግር ማን ይመልስልናል? ተጠያቂው ይህ ቀበሌ ነው።»

ጓድ አሰፋ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ተጠያቂ የሚለውን ቃል አይወድም።

«ልጁ ራሱ ምን ይላል?»

ረሻድ ቆመ። «ስንፈልጋችሁ እንጠራችኋለን ነው የተባልነው ጓድ።» ይሄ እውነት ነው። ፊቱ ግን ውሸታም ነበር።

«ኳስ የሚያውቅ የለም እዚህ?»

ሰው ሁሉ ወደኔ ዞረ። አልፈርድባቸውም፣ ስሜን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ጓድ አሰፋ ፈገግ አለ። «አንቺ የአህመድ ልጅ። ለሽማግሌ እጅ የማትሰጭ እኮ ነሽ። ንገሪን፣ ጋሽ ይገዙ ያሉት ልክ ነው?»

ተነሣሁ። ጋሽ ይገዙ ፂማቸውን እየዳበሱ ያዩኛል፤ አንድ ጊዜ እንኳ ልክ ነዎት በይኝ የሚሉ ይመስላሉ። እማዬ ወለሉን ታያለች።

«ልክ ናቸው» አልኩ። «እኩል ከሆነ ዕጣ ነው።»

ዝም ብዬ ብቀመጥ ኖሮ። አይ፣ ዝም ብልም ረሻድ...

ጓድ አሰፋ ግን የሴት ልጅ ምስክርነት አልበቃውም። ዞር ዞር ብሎ አየና በር ላይ የቆመውን መገርሳን ጠራው። «አንተ በረኛው። ልክ ናት?»

መገርሳ እኔን አየኝ። ድንቹን ያስቀመጠው እሱ ነው እኮ። ሕጉን ያስተማረኝ እሱ ነው። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የዘይት ጨርቁን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ልክ ናት ጓድ» አለ።

«እንግዲያው» አለ ጓድ አሰፋ፣ «ለፌዴሬሽኑ ይጻፍ። መልስ እስኪመጣ ረሻድ አህመድ ይቆያል።» አባዬ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። የሆነ ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ መሰለኝ።

«የቀበሌው ኮታ ግን አይጎድልም» አለ ጓድ አሰፋ። «ተጠባባቂው ይተካል።»

ጸሐፊው ወረቀቱን አገላብጦ ተጠባባቂው መገርሳ መሆኑን አነበበ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 16

መኪናው ጠዋት መጣ። እማዬ ከግቢ እንዳልወጣ በሩ ላይ ቆመች። ወጣሁ።

ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት። ልጆቹ ሲጫኑ እናቶቻቸው እያለቀሱ ነበር። መገርሳ ከኋላ ነው የወጣው፤ ጎማውን ጎንበስ ብሎ አይቶ «ይሄ ጎማ ዝዋይ አይደርስም» አለ ለሹፌሩ። ጋራዥ ያለ መሰለው መሰለኝ።

ቀረብኩ። የምለው አዘጋጅቼ ነበር። ቀልድ ነበር። 

«ረሻድን ደህና ሁን በይልኝ» አለ። «ከቤት እንዳይወጣ።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ! እኔ አልፊያ፣ መዝገበ ቃላት የዋጥኩት፣ እሺ!

ከሄዱ በኋላ የመገርሳን እናት ቦኖው ጋ አገኘኋቸው። ባልዲያቸው ሞልቶ ይፈሳል፣ አልዘጉትም። እኔ ዘጋሁላቸው። «ዓርብ ዕለት ነግረውት ነበር» አሉኝ። «አንድ ሰው ከጎደለ አንተ ነህ ብለውት። ለእኔ ትናንት ነው የነገረኝ።»

ዓርብ። ስብሰባው እሑድ ነበር።

ይሄ ልጅ ድሮም ደንቆሮ ነው። ጆሮው ትልቅ ነው እንጂ አይሰማም። በረኛ የሚባል ሁሉ እንዲህ ነው፤ ኳስ ሲመጣበት ሰው ይሸሻል፣ እሱ ይወረወራል።

ሌላ አልጽፍም ዛሬ።

እሑድ፣ ሐምሌ 21

ረሻድ ከጓዳ አይወጣም። በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ይገባል፤ ፖስተኛ ቢሆንም። ከፌዴሬሽኑ መልስ አልመጣም። ይመጣል። ሲመጣ ምን እንደሚል ሁላችንም ቤት ውስጥ እናውቃለን፣ ጋሽ ይገዙ ብቻ አያውቁም። ሌሊት ኳስ ሲያነጥር የምሰማው ይመስለኛል፤ ኳስ አይደለም፣ ጉልበቱን በግድግዳው እየመታ ነው። ለመገርሳ አልቅሶ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እሱም አልጠየቀኝም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 24

ጠዋት አጥሩ ሳለ። እንደሌላው ጊዜ ግን አይደለም፤ ድምፃቸውን ቀንሰው ነው የጠሩኝ። ከረባት አላሠሩም።

«አልፊያ፣ ና እስቲ ወዲህ።» እንደ ወንድ ጠሩኝ፤ ሲጨንቃቸው እንዲህ ይላሉ።

«አቤት ጋሽ ይገዙ።»

«ትናንት መሥሪያ ቤት...» አሉና ዙሪያቸውን አዩ። «የእኛ ታይፒስት ኳስ ይከታተላል። ነገሩን ባጫውተው ሳቀብኝ። ዕጣ የሚባል ነገር የለም አለኝ። በሰው ሜዳ የገባ ጎል ይበልጣል፣ እናንተ የዚያኑ ቀን ነው የወደቃችሁት አለኝ። ያኔ በአጥር የነገርሽኝን ማለት ነው።»

ፂማቸው ላይ ዝናብ ተንጠልጥሏል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሽማግሌ መሰሉኝ። ሁልጊዜ ሽማግሌ ሽማግሌ የምለው ለሳቅ ነበር።

«ታዲያ» አሉ፣ «እኔ ሸንጎ ፊት የተናገርኩት ሐሰት ነው? ያን የሰው ልጅ መኪና ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ?»

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ያሻኝን የምለው። እንዲህ ዓይነት ቀን ስጠብቅ ነው የኖርኩት፤ ጋሽ ይገዙ ራሳቸው አጥር ድረስ መጥተው «አንቺ ነሽ ልክ» የሚሉበት ቀን።

«ታይፒስት ስለ ኳስ ምን ያውቃል?» አልኩ። «ያኔ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። እኩል ከሆነ ዕጣ ነው። እርስዎ ነዎት ልክ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ።»

አጥሩን ይዘው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ፊታቸው ቀስ እያለ ተመለሰ፤ ፂማቸውም።

«ደግሞስ» አሉ፣ «በረኛው ልጅ ራሱ ልክ ናት ብሎ የለም እንዴ? እኔ ብሳሳት እሱ ዝም ይል ነበር? ያ ልጅ ደግሞ ሕጉን ያውቃል።»

«ያውቃል» አልኳቸው።